የእታገኝ «እንብላ»

ጋሽ ወዳጆ እህል አልወርድ ካላቸው ወራት ተቆጠሩ። ታመው እንዳይባል የሞላሌው ጤና ጣቢያ አይቷቸዋል፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደውም ተመርምረዋል። ሐኪሙ ሆዳቸውን ነካክቶ፣ ደማቸውን አስመርምሮ፣ «ምንም የለብዎትም አባት፣ ብቻ ይብሉ» አላቸው። ይብሉ! ጠልተው የተዉት መሰለው እንዴ? እንጀራው አፋቸው ድረስ ደህና ይመጣል፤ ከዚያ ጉሮሯቸው ጥርቅም ይልና አልቀበልም ይላል። ጭብጥ ቆሎ በውሃ እየገፉ ነው የከረሙት።

ነገሩ የጀመረው ባለቤታቸው እታገኝ ካረፈች ወዲህ ነው። እታገኝ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ገበታ ቀርቦ ደጃፉ ላይ ወጥታ ወደ መንገዱ «እንብላ!» ሳትል ቁራሽ ቆርሳ አታውቅም ነበር። ሰው ቢኖርም ባይኖርም። ጭጋግ አገሩን ውጦት ከአጥሩ ማዶ ምንም በማይታይበት ቀን እንኳ ለጭጋጉ «እንብላ!» ትለው ነበር። ባልየው ይስቁባት ነበር። «ማንን ነው የምትጠሪው? ዝንጀሮ ሊመጣልሽ ነው?» ይሏታል። አሁን ምግብ የምትልክላቸው የጎረቤታቸው የገሠሠ ሚስት ናት። ወጡ ወጥ ነው፣ እንጀራውም እንከን የለውም። ቤቱ ግን ጭር ብሏል፣ እህሉም አይወርድም።

ይሄ ገሠሠ ደግሞ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ስልኩን አንሥቶ አዲስ አበባ ለምትማረው ልጃቸው ለጽዮን ነገራት። «አባትሽ ቀበቶው ሁለት ዙር ሊሆንለት ነው፤ ኋላ አልነገርከኝም እንዳትይ» አላት። ጽዮን ወዲያው ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ካልበሉ ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ ጠዋት ማታ አበላዎታለሁ።»

«አበድሽ?»

«ማርያምን እመጣለሁ!»

ይኼኔ ነው ጋሽ ወዳጆ የደነገጡት። ይቺ ልጅ ማርያምን ካለች አለች ነው፤ በእናቷ ወጥታለች። ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ከዘራቸው የዩኒቨርሲቲ ደጅ የረገጠ ከሷ በፊት የለም፤ እታገኝም የልጇን ምርቃት እንደናፈቀች ነው ያለፈችው። አሁን እሳቸው እህል እምቢ አለኝ ብለው ልጅቱ ደብተሯን ጥላ ብትመጣ፣ በሰማይ ቤት እታገኝን በየት ዓይናቸው ያይዋታል? ቆረጡ። «ራሴ እመጣለሁ። ፊትሽ ቁጭ ብዬ ጥርግ አድርጌ እበላልሻለሁ፤ ያኔ አፍሽን ትይዣለሽ» አሏት። ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ሰሞን በርኖሳቸውን ደርበው፣ በሶ በከረጢት አንጠልጥለው ከሞላሌ ተሳፈሩ።

ጽዮንም ዋዛ አይደለችም። ቅዳሜ ማለዳ አባቷ ካረፉበት ዘመድ ቤት ከተፍ አለች።

«ዛሬ የምወዳቸውን ቦታዎች ሁሉ አዞርዎታለሁ። ከአንዱ ባይሆን ከአንዱ ይበላሉ። ካልሆነ ግን ሰኞ ለትምህርት ክፍሉ ነግሬ አብረን እንሄዳለን» አለቻቸው። ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ወይ አዲስ አበባ! ጋሽ ወዳጆ በታክሲው መስኮት ቀና ብለው የፎቁን ጫፍ ሲፈልጉ ቆባቸው ወደ ኋላ ወድቆ ከኋላቸው የተቀመጠች ሴት አነሣችላቸው። ፎቁስ ይሁን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ሰዉ ነው ያስገረማቸው። የሞላሌ ገበያ ሰባት ጊዜ ቢፈስ የዚህን መንገድ ዳር አይሞላም። ደግሞ ሁሉም ይቸኩላል፣ ሁሉም የሚሄድበትን ያውቃል።

«ጽዮንዬ፣ ይህ ሁሉ ሰው ማታ የት ነው የሚገባው?»

«ቤቱ ነዋ፣ አባዬ!»

«ሁሉም ቤት አለው? ይገርማል። ሥራህ ግሩም ነው ጌታዬ!» አሉና አማተቡ።

ሰኔ ነው፣ የሐዋርያት ጾም። የጾሙ ምግብ የሚደርሰው ቀትር ላይ ስለሆነ ጽዮን ጠዋቱን ወደ ሙዚየም ወሰደቻቸው። አንዲት ጠባብ፣ ፈዘዝ ያለች ክፍል ውስጥ አስገብታ መስታወት ፊት አቆመቻቸው።

«ድንቅነሽ ናት። ዓለም ሁሉ ይቺን ሊያይ ነው የሚመጣው። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆናታል።»

ጋሽ ወዳጆ ቆባቸውን አወለቁ። የደብራቸው ቄስ የሚቆጥሩት የዓለም ዕድሜ ሰባት ሺህ ከምናምን ነው፤ የልጃቸው ቁጥር ሌላ ነው። እሱን ለሚያውቀው ተዉት። የሚያዩት ግን በዓይናቸው ነው። የሕፃን ልጅ የምታህል ናት። ግማሹ አጥንቷ የለም፤ የቀረውን አንድ በአንድ ለቅመው ደርድረውታል። ስንት ክረምት ዘንቦባት፣ ስንት ንጉሥ ነግሦ ስንት ንጉሥ ወርዶ፣ መሬት ይዛ አቆየቻት። መስታወቱን ያዙ።

«ማን ቀበራት?»

«ማንም። በረሃ ላይ ወድቃ ነው የተገኘችው።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ወዳጆ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። አጠገባቸው የነበሩት ፈረንጆች ዞር ብለው አዩዋቸው። ይዩዋ! ሙት ፊት ቆሞ ዝም የሚል ሰው እሱ ይፈር።

ጽዮን የአባቷን ክንድ ያዘች። «እማዬ የሞተች ሰሞን በየሳምንቱ እዚህ እመጣ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሷን ሳይ ይቀለኝ ነበር» አለች። አባትየው ያን አልጠበቁም። ልጅቱ እዚህ ሰው መሐል ብቻዋን ስታለቅስ እንደከረመች የነገራቸው አልነበረም። ጭንቅላቷን ሳብ አድርገው ሳሟትና ይዘዋት ወጡ።

ቀትር ሲያልፍ ፓስታ ቤት ገቡ። ጽዮን ቤቱን የምትወደው በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት ስለሆነ ነው፤ አላፊ አግዳሚውን እያዩ ይበላሉ። ፓስታ በአትክልት መጣ። ጋሽ ወዳጆ ፓስታውን በሹካ እንደምንም ጠቅልለው አነሡት። ይኼኔ ከመስታወቱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ አለፈች፤ በእጅ የምትነካ ያህል ቅርብ ናት። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ወታደር፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ልጆች። ማንም ወደ ውስጥ አላየም፤ ከውስጥም ማንንም የጠራ የለም። ሹካው አየር ላይ ቀረ። ይህ ሁሉ ሰው እያለፈ እንዴት ይበሉ? ምራቃቸውን ዋጡ፣ እሱም በመከራ ወረደ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያሉ ሹካውን መልሰው አስቀመጡት። ጽዮን ሒሳቡን ከፈለች።

ቀጥሎ ጭማቂ ቤት ሄዱ። እዚያ የመጣላቸው ስፕሪስ የሚባል ነገር ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ታች አረንጓዴ፣ መሐል ቢጫ፣ ላይ ቀይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደባለቅ ቆሟል። ጋሽ ወዳጆ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው ዙሪያውን አዩት። «ምን ብለው ነው ያስታረቋቸው?» ብለው ልጃቸውን አሳቋት። ሁለት ጊዜ በማንኪያ ቀመሱ። ሦስተኛው እምቢ አለ። የልጅቱም ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ። ልጃቸው ስልኳን አውጥታ ሰኞ ወደ ሞላሌ የሚሄድ መኪና ስትጠይቅ ሰሙ።

«አንድ ቦታ ቀርቷል» አለች ስልኩን ስትዘጋ። ድምፅዋ ደክሟል።

የቀረው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ጀርባ ያለው የእትዬ አሰጋሽ ሽሮ ቤት ነው። ቤት ከማለት ቆርቆሮ ማለት ይቀላል፤ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ቀሪው ሁሉ ተማሪ። ቦታ ያገኘው ሲበላ ያላገኘው ግድግዳ ተደግፎ ተራ ይጠብቃል። ሁለት ልጆች በርኖሱን አይተው ለሽማግሌው ተነሡላቸው። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ፤ ጽዮን እንጀራው ላይ ገለበጠችው። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የአባቷን አፍ ታይ ጀመር።

ጋሽ ወዳጆ ቆረሱ። ቀና ሲሉ ከራሳቸው በላይ አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል፤ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ሽሮው ላይ ላለመጣል ጣራውን ያያል። ከሱ ጎን ሻሽ የጠመጠመች ልጅ አለች። ከሷ ጎን ሌላ። ከሱ ጎን ሌላ። ኧረ እንዴት ተደርጎ ነው የሚበላው! የረገጡትን ቦታ ረሱ፣ አዲስ አበባም ጠፋባቸው፤ በእርሻ ማዶ ለማዶ ሰው በሚጠሩበት ድምፅ ለቀቁት።

«እንብላ!»

የቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ አሰጋሽ ጭልፋዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ጽዮን ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን ነበር። ከዚያ ከአንድ ጥግ «ብሉ አባባ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከሌላው ጥግ «ይብሉ!» አለ። ከዚያማ ቤቱ በሙሉ፣ የተቀመጠውም የቆመውም፣ ከየአገሩ የመጣው ልጅ ሁሉ ባንድ አፍ «ብሉ!» አለ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ወዳጆ ዙሪያውን አዩ። ይህ ሁሉ የእናት ልጅ ነው! የእያንዳንዱ እናት ደጃፍ ላይ ያቺን ቃል ብላለች፤ ሁሉም መልሱን ይዞት መጥቷል።

ግን «ብሉ» ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ አያጠግብም። የመንዝ ሰው አንዴ ጠርቶ አይተውም። ወደ ረጅሙ ልጅ ዞሩ።

«ና ብላ።»

«ኧረ ይብሉ አባባ፣ በልቻለሁ።»

«ዓይንህ አልበላም። ወዳጆን ቅበር! ና ቁጭ በል!»

በሰው ሞት ተለምኖ የሚቆም ሰው የለም። ልጁ ሳቀና እጁን ታጥቦ መጣ፤ ፍሬአብ እባላለሁ አለ። ሻሿን የጠመጠመችው መዲና መሆኗን ተናግራ፣ «በሞቴ» እስክትባል እንኳ ሳትጠብቅ ጎኑ ተሸጎጠች። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የምስር ወጥ የያዙ ልጆች ትሪያቸውን አምጥተው ቀላቀሉት። አንዱ ድንች ጨመረ። ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ተገጠመ። ጋሽ ወዳጆም ቀኑን ሙሉ ያንጠለጠሉትን በሶ ከከረጢቱ አውጥተው «ይኼ የገብስ ነው፣ የኛ አገር!» እያሉ አደሉ። እጅ በእጅ ላይ ሆነ፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ።

«እርስዎ እኮ አልበሉም» አለ ፍሬአብ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ። «በሞቴ፣ አባባ።»

ጋሽ ወዳጆ አፋቸውን ከፈቱ። ሽሮው ትኩስ ነበር፣ ቃሪያም አለበት። አላመጡ። ዋጡ።

ወረደ።

እሳቸውም አላመኑም። ደረታቸውን ነካ አደረጉ። ሌላ ቆረሱ፤ እሱም ወረደ። መዲና ደግሞ አጎረሰቻቸው፣ ወረደ። ከዚያ በኋላ የበሉትን ማንም አልቆጠረውም፤ ትሪው ተጠርጎ እትዬ አሰጋሽ «ጭማሪ!» ብላ ሌላ ድስት እስክታወጣ በሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ሲወርድ «ቃሪያው ነው» አሉ። ማን ጠየቃቸው?

ሲወጡ ጽዮን ደስታዋን ይዛ ብዙ አልሄደችም። ቆም አለች።

«እዚህስ በሉ። ሞላሌስ? እዚያ ይህ ሁሉ ሰው የለ።»

ለጋሽ ወዳጆ ድንገት መጣላቸው። ያ ሁሉ ዘመን የሳቁባት ሴትዮ! ለጭጋጉ ትጮኻለች ያሏት! ጭጋጉን አልነበረም ስትጠራ የኖረችው፤ ከጭጋጉ ማዶ ያለውን ሰው ነው።

«እናትሽ ታውቅ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «እኔ ነኝ ደንቆሮው። ሰኞ ትምህርትሽን ግቢ። ምሳ ሰዓት ደውዪልኝ፣ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ።»

ጋሽ ወዳጆ እሑድ አገራቸው ገቡ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ሞላሌ ጭጋግ ለብሳ ነበር። የገሠሠ ሚስት የላከችው ገበታ ቀርቧል፤ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ወዳጆ አነሡትና በእጃቸው እንደያዙት ደጃፉ ላይ ወጡ፣ እታገኝ ትቆምበት የነበረው ድንጋይ ላይ። ወንድ ልጅ ለገበታ ሲጣራ ሰው ምን ይላል? የፈለገውን ይበል!

«እንብላ!»

መልስ የለም። ጽዮን በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማል። እንደገና፣ ሳንባቸው እስኪተረተር «እንብላ!» አሉ። ጭጋጉ ውስጥ የአጥር ዘንግ ተንቋቋ፣ ገሠሠ ቆቡን በእጁ ይዞ ብቅ አለ።

«ያቺ ቃል ከዚህ ቤት ዳግም የምትወጣ አልመሰለኝም ነበር» አለ። «ብሉ» አላለም። ጫማውን አራግፎ ገባ። ከኋላው ከመንገድ ሌላ ሰው «ቤቶች!» ሲል ተሰማ።

ስልኩ ገበታው ጥግ ተቀመጠ። እዚያ ውስጥ ጽዮን «አባዬ? አባዬ፣ ምን ተፈጠረ? ምነው ዝም አሉ?» ትላለች።

«በይ ዝጊውና ክፍልሽ ግቢ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «አፌ ሞልቷል።»