እስከ ሚኤሶ ብቻ

አክስቴ ሀምዳ አንድ ነገር ስትፈልግ አትለምንም፤ ታዛለች። ያን ቀን ከአዋሽ ደውላ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ድሬዳዋ አድርሶ በዚያው ቀን የሚመልስ ርካሽ የባቡር ቲኬት ፈልጊልኝ አለችኝ። እኔ ሰመራ ውስጥ ልብስና የሞባይል ካርድ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሰመራ ባቡር የለም። ባቡሩ የሚያልፈው እሷ ደጅ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ይህንኑ ብነግራት፣ ዱባይ ያለ ዕቃ በስልክሽ የምታስመጪ ሴት አዋሽ ያለ ባቡር እንዴት ያቅትሻል ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ርካሽ ነገር አለ ከተባለ እንቅልፍ አይወስደኝም። የባቲ ገበያ ልጅ ነኝ፤ ዋጋ ሳልከራከር ከገዛሁ የገዛሁት ነገር ራሱ አያምረኝም። ሎጊያ ያሉ ነጋዴዎች ስገባ ሲያዩኝ «መጣች» ይባባላሉ። ስለዚህ የቲኬቱ ነገር ወዲያው ያዘኝ። ከቲኬቱ በላይ ሆዴን የበላኝ ግን ሌላ ነው፤ አክስቴ አርባ ዓመት ሙሉ ስሟን አንስታ የማታውቃት ድሬዳዋ ውስጥ ምን አላት?

መልሼ ደወልኩ። አክስቴ በዚህ ዓመት ሐጅ ልትሄድ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ገንዘቧን ከፍላ ጨርሳለች፣ የቀራት ሦስት ሳምንት ነው። በእኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ አፉ ሳያስብል አይነሳም። እሷም ቤት ለቤት ዞራ የአዋሽን ሰው ጨርሳለች። እኔን እንኳ ከባቲ ወስዳ ያሳደገችኝ ሴት፣ ልጅ ሳለሁ ያለ ጥፋቴ በጥፊ መትቼሻለሁና አፉ በይኝ ብላ አስለቅሳኛለች። አሁን አንድ ሰው ቀርቷታል። ድሬዳዋ የምትኖር ሉሊት የምትባል ሴት ናት። ምን አድርገሻት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ሂያም፣ ዝም በይና ቲኬቱን ፈልጊ» አለችኝ።

በስልክ አፉ አስብያት ብላት፣ ፊት ለፊት ያልሆነ አፉ ከጫንቃ አይወርድም አለች። እኔ ልክፈልልሽ ብላት ባሰባት። የበደልኩት እኔ፣ የምትከፍይው አንቺ? ያ ለአንቺ ይጻፍልሻል እንጂ ለኔ ምኔ ነው አለች። ያላት የፍየል ወተት ሸጣ ሻሿ ጫፍ ላይ የቋጠረችው ብቻ ነው። ያ ደግሞ መሄጃዋን ይችላል፣ መመለሻዋን አይችልም። አፉ ሳትባል ከሄደች ሐጁ ራሱ ተቀባይነት የሚያገኝ አልመስላት ብሏል። ድምጿ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ፤ አክስቴ ፈርታ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ተነሳሁ። መጀመሪያ የደወልኩት ለስዩም ነው። ስዩም ድሮ ሰመራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሠራ ደንበኛዬ ነበር፤ ዛሬ አዋሽ ጣቢያ ቲኬት ይቆርጣል። ከተራው ወንበር ያነሰ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ የለም አለ። ለሽማግሌ ቅናሽስ? የለም አለ። ለማን አለ ታዲያ ስለው፣ ቁመታቸው ከመስመሩ ላልደረሰ ሕፃናት ብቻ አለኝ። በቁመት ከሆነማ አክስቴም ታልፋለች አልኩት፤ እስኪያስለው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የነገረኝ ግን አላሳቀኝም። ከአዋሽ የሚሄደው ባቡር ድሬዳዋ የሚደርሰው ከሰዓት ነው፣ የሚመለሰውም በማግስቱ ነው። አክስቴ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤቷ ውጭ አንድ ቀን አድራ አታውቅም፤ ፍየሎቿንም ለሐጁ ካልሆነ በቀር ለማንም አትሰጥም። አውቶቡስ ደግሞ ገና የአሰበ ተፈሪን ጠመዝማዛ ስታስበው ያስመልሳታል። በሁሉም በኩል ተዘጋብኝ።

በዚያ ሳምንት ካሊድ ወደ አዋሽ ሊወርድ ነው ተባለ። ካሊድ የዲቾቶ ልጅ ነው፤ ከጅቡቲ ዕቃ በከባድ መኪና ያመላልሳል፣ የቡና ብቻ ከፍዬው ይወስደኛል። ስልክ ላይ ከምጨቃጨቅ ጣቢያው ድረስ ሄጄ በዓይኔ ልይ ብዬ ሱቄን ዘግቼ ተሳፈርኩ።

አዳይቱ ላይ ካሊድ መኪናውን አቆመ። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አይቶ ነው። ወርዶ እጃቸውን ሳም ሳም አደረገና ዳጉ ጀመሩ። አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን አንዱ ለሌላው ሳይነግር አይለያዩም፤ ያ ነው ዳጉ። አይቸኮልበትም፣ አይጨመርበትም፣ ውሸት የቀላቀለ ሰው ስሙ ይጠፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሰመራ ስኖር አፋርኛው ገብቶኛል፤ ትዕግሥቱ ግን አልገባኝም። ፀሐዩ ይፈጃል፣ እኔ መኪና ውስጥ እንፈራገጣለሁ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ድሬዳዋ ታክመው በባቡር ነው የተመለሱት። ጉዟቸውን ከሆስፒታሉ በር ጀመሩ። ማን አልጋ አጠገባቸው እንደተኛ፣ ዝናብ የት እንደዘነበ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ሣር እንዳለ፣ አንዱንም አላለፉም። ልቤ ሊወልቅ ደረሰ።

ከዚያ ሚኤሶ ደረሱ። እሑድ እሑድ፣ አሉ ሽማግሌው፣ የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር ሚኤሶ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ እኔ ወርጄ እግሬን አፍታትቼ፣ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ከመኪናው ዘለልኩ። ስንት ደቂቃ ይቆማል ብዬ ጠየቅኳቸው። ዳጉ ውስጥ ገብታ የምታቋርጥ ሴት ሲያዩ ቅር አላቸው፤ ቢሆንም ውሸት ነውር ነውና አስበው መለሱልኝ። አንድ ሰው ሳይቸኩል ሁለት ረከዓ ሰግዶ ጫማውን እስኪያደርግ ነው አሉ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ከብልጦች ሁሉ የበለጥኩ መሰለኝ። አክስቴ ድሬዳዋ ድረስ ለምን ትሄዳለች? እሷ ከአዋሽ ትውረድ፣ ሉሊት ከድሬዳዋ ትምጣ፣ ሚኤሶ ላይ ይገናኙ፣ እያንዳንዳቸው በሌላዋ ባቡር ይመለሱ። ዋጋው በጣም ይቀንሳል፣ ለምሳ ቤት መግባት ነው። ሻሿ ጫፍ ያለው ገንዘብ መሄጃውንም መመለሻውንም ይችላል።

አዋሽ ደርሼ እያለከለኩ ነገርኳት። ትመርቀኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አክስቴ ግን ሚኤሶ የሚለውን ስትሰማ የያዘችውን የወተት ጣሳ መሬት አስቀመጠች። ሌላ ጣቢያ የለም ወይ አለችኝ። ባቡሮቹ የሚገናኙት እዚያ ብቻ ነው አልኳት። ደውይላት አለችና ከቁርኣኗ መሐል ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት አወጣች። ወረቀቷ ታጥፋ ታጥፋ ልትቀደድ ደርሳለች፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አልደወለችበትም።

እትዬ ሉሊት ረጋ ያለች ሴት ናት። የሀምዳ የእህት ልጅ ነኝ ስላት አልደነገጠችም፤ አልተደሰተችምም። ዕቅዴን አስረዳኋት። ሚኤሶ ስላት መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ሚኤሶን የመረጠው ማን ነው? እሷ ናት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ርካሽ ስለሆነ ነው።»

ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ የምን ሳቅ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። እሑድ እመጣለሁ አለችና ዘጋችው። እነዚህ ሴቶች ሚኤሶ ላይ ምን ቀብረዋል እያልኩ እስከ እሑድ ስብሰለሰል ከረምኩ።

እሑድ ረፋድ ላይ መታወቂያችንን ይዘን ጣቢያ ደረስን። ስዩም ለአክስቴ ደርሶ መልስ እስከ ሚኤሶ ብቻ ቆረጠላት፤ ቋጠሮዋን ፈትታ ራሷ ከፈለች። እኔም የራሴን ቆረጥኩ። አክስቴ አንድ ዘንቢል ሙሉ ብርቱካን ይዛለች፣ ያሸከመችው ደግሞ እኔን ነው። ለአንዲት ሴት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብል አልመለሰችልኝም። ባቡሩ ተነስቶ የአዋሽን ሸለቆ እስኪያልፍ ድረስ መቁጠሪያዋን ስትገፋ ቆየች፤ ከዚያ ሳልጠይቃት ጀመረች።

ያኔ በደርግ ጊዜ ሁለቱም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። በድሮው ባቡር ከድሬዳዋ ብርቱካን እያመጡ አዋሽ ይሸጡ ነበር። ቲኬት የሚቆርጡት አንድ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው አንዷን አይቶ ሲያልፍ፣ ቲኬቱ በወንበር ሥር ለሌላዋ ይተላለፋል። ያ ቀን በሉሊት ገንዘብ የተቆረጠ ነበር። ቲኬቱ አክስቴ እጅ ላይ እንዳለ ተቆጣጣሪው ድንገት ዞረ። ሉሊት ቲኬት አጣች። ከዚህች ልጅ ጋር ነኝ፣ ቲኬቱ የኔ ነው ብላ ወደ አክስቴ ጠቆመች። ሰውየው ወደ አክስቴ ዞሮ፣ ይህችን ልጅ ታውቂያታለሽ ብሎ ጠየቀ።

«አላውቃትም አልኩት» አለች አክስቴ። «ሂያም፣ ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኩት።»

ሉሊትን ሚኤሶ ላይ አወረዷት። ጊዜው መሽቷል፣ በኪሷ ሳንቲም የለም። ዘንቢሏ አክስቴ እግር ሥር ቀረ። አክስቴ አዋሽ ደርሳ የሁለቱንም ብርቱካን ሸጠች። ሉሊት ወደ አዋሽ አልተመለሰችም፤ ሰው በነፃ አሳፍሯት ድሬዳዋ ዘመድ ጋ ገባች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። ርካሽ ብዬ የመረጥኩት ቦታ፣ ለአንድ ቲኬት ሲባል ሰው የተጣለበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሚኤሶ ደረስን። አዲሱ ጣቢያ ሜዳ ላይ ነው፤ አክስቴ የምታውቀው ሚኤሶ አይደለም። ወረድን። ወዲያው ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ገባ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ሉሊት የለችም። አክስቴ በሰልፉ መሐል ፊት እያየች ከፉርጎ ፉርጎ ትሄዳለች፤ እኔ ዘንቢሉን ተሸክሜ እከተላታለሁ። ሁለት ረከዓ የሚሰገድበት ጊዜ እያለቀ ነው። አልመጣችም፣ ፈረደችብኝ፣ እውነቷን ነው ትላለች አክስቴ።

መጨረሻው ፉርጎ በር ላይ አንዲት ቀጭን አሮጊት ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ ቆማለች። አንድ እጇ ብረቱን ይዟል። አክስቴ አየቻት፤ እሷም አየቻት። እኔ አላስቻለኝም፤ እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ፣ ሊሄድ ነው አልኩ።

«ሚኤሶ ላይ ዳግመኛ ላልወርድ ምያለሁ» አለች ሉሊት። «ቲኬቴ እስከ አዋሽ ነው። ያኔ የጀመርኩትን መንገድ ልጨርስ ነው። እናንተ ውጡ።»

ወጣን። ለካ እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ለሁለቱ ሩብ ሰዓት ብቻ ስመድብ፣ እሷ ሙሉውን መንገድ ከፍላለች። አንድ ወጣት ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸውና ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው። አክስቴ አፉ በይኝ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሉሊት መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ አለቻት። ዘንቢሉን አየች፣ ብርቱካኑንም አየች። ባቡሩ ሄደ። አሥር ደቂቃ ያህል ሁለቱም መስኮት መስኮቱን ሲያዩ እኔ ጥፍሬን በላሁ።

ከዚያ ቲኬት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እግር ሴት ናት፤ ቲኬት፣ እናቶች፣ አለች በትሕትና። አክስቴ ወንበሩን ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅቷ አይነሱ እማማ ብትል አልሰማቻትም።

«ይህችን ሴት አውቃታለሁ» አለች አክስቴ፣ ፉርጎው ሁሉ እንዲሰማ። «ሉሊት ትባላለች። ከእኔ ጋር ናት። ቲኬቱ የእሷ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ግራ ገባትና ወደ እኔ አየች። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ቲኬቴን ዘረጋሁላት። የሁላችንንም አየች፣ ሁሉም ትክክል ነው አለችና መለሰችልን። አክስቴ አሁንም እንደቆመች ነው።

«ሀምዳ፣ ተቀመጪ» አለች ሉሊት፣ ክንዷን ይዛ። «አፉ ብዬሻለሁ።»

አክስቴ ተቀመጠች። የራሷን ቲኬት በሉሊት መዳፍ ውስጥ አደረገችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። እስከ አዋሽ ድረስ የሁለቱንም ቲኬት የያዘችው እትዬ ሉሊት ነበረች።