የሾጂ እናት ለቅሶ

«ልጅሽ በየቀኑ የምታወራው ከማን ጋር ነው?»

ጠያቂዋ ዙህራ ነበረች፤ እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ከሙሉነሽ ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ የረጅም ዘመን ጎረቤቷ። የጠየቀችው በክፋት አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሙሉነሽ ልጅ ሊያ ኮምፒውተሯን ትከፍትና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ በማይታወቅ ቋንቋ ትጮኻለች። አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ትለማመጣለች፣ አንዴ ደግሞ ሰው የሚያባርራት ይመስል ትንፋሿ ይቆራረጣል። የሰፈሩ ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይችልም።

ሙሉነሽ «ከጃፓኖች ጋር ነው» አለቻት። ዙህራ በዚህ የምትረካ ሴት አይደለችም። ወንዶች ናቸው ሴቶች? ትልልቅ ናቸው ልጆች? ምን ሠርተው ይበላሉ? ልጇ ዓመት ሙሉ ከሰዓቱን አብራቸው ከምታሳልፋቸው ሰዎች የአንዳቸውን ስም እንኳ ሙሉነሽ አታውቅም።

ሙሉነሽ ድሮም ጭንቀታም ናት፤ ሊያ ትንሽ ከቆየች መንገድ ወጥታ የምትቆም ዓይነት። ጠዋት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ስኒና ብርጭቆ ታጥባለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ክፍል ገብታ የመምህሩን አፍ አፍ እያየች ፊደል ትቆጥራለች። ያን ቀን ግን ስኒውንም አጠበች፣ ፊደሉንም ቆጠረች፤ ልቧ እዚያ አልነበረም።

በማግስቱ ከሥራ እንደተመለሰች ዱካ አንስታ ልጇ ጎን አስቀመጠችና ቁጭ አለች።

«ምነው እማዬ?»

«ምንም። ላይ ብዬ ነው።»

ሊያ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ይህ የጃፓንኛ ነገር የመጣው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባት የቀረ ጊዜ ነው። እናትየዋ ስታለቅስ ከረመች፤ ልጅቱ ግን ሳምንት ሳይሞላት ስልኳን ይዛ ጃፓንኛ ጀመረች። ለምን ጃፓንኛ? ሙሉነሽ ጠይቃት ነበር፤ ሊያም «ደስ ስለሚል» ብላ ዘጋችው። ፊደሉን አወቀች፣ ቃላቱን ለቀመች፤ የሚያናግራት ሰው ግን አጣች። ያኔ ነው ጃፓኖች በኢንተርኔት ተሰብስበው የሚጫወቱት ጌም ውስጥ የገባችው። አሁን ጃፓናውያን ጎብኚዎችን የሚቀበል አንድ ድርጅት አስተርጓሚ ሊቀጥር ነው ተብሎ ተመዝግባለች፤ የቃል ፈተናው እየቀረበ ነው። አፏን የምታፍታታበት ሌላ ቦታ የላትም።

ኮምፒውተሩ ላይ ተራራ አለ፤ ተራራው በረዶ ነው። አራት ሰዎች ከእግር እስከ ራሳቸው ብረት ለብሰው ቤት የሚያህል አውሬ ያሳድዳሉ። ሙሉነሽ ዓይኗን አጥብባ ብታይም ልጇ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃታት። ሊያ በጣቷ አንደኛዋ አናት ላይ ያለውን ጽሑፍ ነካችላት።

«ይቺ ሊ ናት፣ ይቺ ደግሞ ያ። ሁለት ፊደል ብቻ። እንደኛው።»

ሙሉነሽ ጠጋ ብላ አየች። ልጅቱ በጀማሪነቷ «ካ ኪ ኩ ኬ ኮ» እያለች ቤት ስትጠርግ ትዝ አላት፤ ያኔ የምትቀልድ መስሏት ነበር። ለካ የሰው አገር ሰውም እንደ እሷ ፊደሉን በዜማ እየደረደረ ነው የሚማረው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ፊደላት እየፈለገች ልጇን በበረዶው ውስጥ መከተል ቻለች።

ዱካው ከዚያ ቦታ አልተነሳም። ሙሉነሽ በየቀኑ አንድ ሁለት ጥያቄ ትጥላለች፤ ሊያም እጇ ሥራ ላይ እያለ ትመልሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አወቀቻቸው። ግራ፣ ቀኝ፣ ሽሹ እያለ የሚያዘው ሃያቶ ነው፤ የቡድኑ አለቃ፣ እሱ ባይኖር አውሬው በአንድ ምት የሚጨርሳቸው። አፏ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታኘክ ነገር የማይጠፋው ሚኪ ናት፤ ነርስ ነች፣ እዚያ በዚህ ሰዓት መሽቷልና ከሥራ ገብታ ራቷን እየበላች ነው የምትጫወተው። አራተኛው ሾጂ ነው፤ ጎልማሳ ሰው፣ በሰሜን በኩል በአንዲት ትንሽ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሊያ ስትሳሳት አያርማትም፤ ያለችውን አስተካክሎ ራሱ እንደተናገረው አድርጎ ይደግመዋል። ሙሉነሽ ይህን ስትሰማ ሰውየውን ወደደችው።

«ትዳር አለው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እናት አባቱስ አሉ?»

«አላውቅም እማዬ፣ አውሬው መጣ።»

«ዓመት ሙሉ ምን ስታወሩ ነበር ታዲያ?»

ሊያ ትንሽ አሰብ አደረገች። «ስለ አውሬው» አለች።

ማታ ማታ ዙህራ በግድግዳው በኩል «ሙሉዬ፣ ዛሬስ ማንን ገደሉ?» ትላለች፤ ሙሉነሽም የሰማችውን ሁሉ ትነግራታለች። ሚኪ ምን ስትበላ እንደነበር ሳይቀር።

አንድ ሰሞን ሾጂ ጠፋ። ሦስቱ ብቻቸውን ሲንገዳገዱ ሰነበቱና ተመለሰ። ሊያ ይህን የነገረቻት ራት ላይ ነው፤ እንጀራ እየቆረሰች፣ እንደ ዋዛ። እናቱ አርፈው ቀብር ላይ ነበር አለች።

ሙሉነሽ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰች። «ምን አልሽው?»

«አዝናለሁ አልኩት። እነሱም እንደዚያው አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጨዋታ ጀመርን።»

ሙሉነሽ ልጇን እንደ ባዳ አየቻት። በየቀኑ አብራው የምትውለው ሰው እናቱን ቀብሮ መጥቶ፣ ለቅሶ ሳትደርስ አውሬ ስታሳድድ ዋለች። የሰፈሩ ከፊል ሲፈርስ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ድረስ የሄዱት ጎረቤቶች እንኳ ለቅሶ ሲሰሙ ታክሲ ቀያይረው ይመጡ የለም ወይ? ሊያ ልታስረዳት ሞከረች። እነሱ እንዲህ አያደርጉም፣ የራሳቸውን ሐዘን በራሳቸው ነው የሚይዙት፣ ሾጂም ያነሳው የቀረበትን ምክንያት ለመናገር ያህል ነው። አጉል ነገር ብትናገር ያፍሩባታል፤ ካፈሩባት ሃያቶ ከቡድኑ ያስወጣታል፤ ካስወጣት ከማን ጋር ልታወራ ነው? ፈተናውስ?

ይህ ሙሉነሽንም ያዛት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። የልጇን እንጀራ በገዛ እጇ ልትዘጋ ነው? ደግሞም የማታውቀው አገር ወግ ነው። ግን ሰውየው፣ ያ ስህተት ሲሰማ ሰው የማያሳፍር ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው ቀርቶ ቢሆንስ?

ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ተናገረች። «ሊያዬ፣ ማስገደዱን አላስገድድሽም። ግን ሰው በሐዘኑ ቀን ካልጠየቅሽው፣ በቀረው ቀን የምታወሪው ቋንቋ ምን ያደርግልሻል?»

ሊያ ብርድ ልብሷን ተከናነበች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሙሉነሽ ስትገባ ዱካው ቦታው ላይ ነበር፤ ልጅቷም ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ጃፓንኛ ጽፋ አፏን እያለማመደች አገኘቻት። ሙሉነሽ ነጠላዋን አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰች።

«አያዩሽም እኮ» አለች ሊያ።

«ለእነሱ አይደለም የለበስኩት።»

ዙህራም መጣች፤ ለቅሶ ብቻን አይኬድም ብላ፣ ሻርፗን አጥብቃ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሊያ ሁለቱን አይታ ልትስቅ ቃጣትና ተወችው።

አሁን ሌላ ነገር ታየ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ሊያ ጫፉ ወርቅ የሆነ የብረት ልብስ ለብሳ ቀይ ላባ ደፍታለች። ሙሉነሽ ደነገጠች። «እንዲህ ሆነሽ ነው ለቅሶ የምትገቢው? ጥቁር የለሽም?» ሊያ ጀማሪ ሳለች የለበሰችው ተራ ጥቁር ቀሚስ እንዳላት ተናገረች፤ ግን እሱን ለብሳ ወደ ተራራው መውጣት አትችልም፣ አውሬው በጥፍሩ ነካ ቢያደርጋት ያበቃላታል። ዙህራ «ዛሬ ማን ተራራ ይወጣል?» አለች። ሊያ ላባውን አወለቀች።

ተጫዋቾቹ ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት እሳት ዙሪያ የሚገናኙበት ሰፈር አለ። ሊያ ለእናቷና ለዙህራም እንዲሰማ ማዳመጫዋን ነቅላ፣ በጥቁር ቀሚሷ እዚያ ገብታ ተቀመጠች። ሦስቱም ነበሩ። ሃያቶ ልብስሽ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ሊያ ወረቀቱን አንስታ ለሾጂ ማንበብ ጀመረች። በአገሬ ሰው ሲያዝን ሄደን አብረን እንቀመጣለን፤ መንገዱ ስለራቀኝ እዚህ መጥቻለሁ፤ እናቴና ጎረቤታችንም አብረውኝ ተቀምጠዋል አለችው። ከዚያ እናቷ ከጎኗ ሹክ ያለቻትን ጥያቄ ጠየቀች፤ እናትህ ምን ነካቸው? ታመው ነበር ወይ? ማን ነበር አጠገባቸው?

የሚኪ ማኘክ እንኳ ቆመ። ሙሉነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ስትጠብቅ፣ አንድ ሁለት ቃል ተሰማ፤ ሾጂ ነው፤ ማመስገኑ ነበር። ወዲያው ከእሳቱ ዳር ያለው ሰውነቱ ብን ብሎ ጠፋ።

ሃያቶ በጨዋ ደንብ ተናገረ። ሰው ከሥራ ገብቶ የሚያርፍበት ጊዜ ይህችው ብቻ ናት፤ እዚህ የሚመጣውም እንዲህ ያለውን ነገር ለመርሳት ነው፤ ሰውን በቁስሉ መንካት ጥሩ አይደለም አለ። ተሰናብቶ ወጣ። ሚኪም ተከትላው ሄደች።

ሊያ ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «አየሽ?» አለች። ዙህራ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ቤቷ ገባች። ያን ማታ በግድግዳው በኩል ማንን ገደሉ ብላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ሊያ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ እሳቱ ዳር ማንም አልነበረም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ከእናቷ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። ሙሉነሽ ስኒ ሰበረች፤ ክፍል ገብታ ስሟን ስትጽፍ አንድ ፊደል ዘለለች። ለቅሶ መድረስ ሰው ያሳዝናል ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን አሰበችው። ምናልባት በዚያ አገር የሚጽናኑት በመተው ይሆናል። ማን ያውቃል? ያም ሆኖ የሰውየው እናት ምን እንደነካቸው ለማወቅ መፈለጉ ከልቧ አልወጣም።

በአራተኛው ቀን ሾጂ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ተገኘ። ጥቁር ለብሷል፤ የጀማሪውን ልብስ። ሚኪም ጎኑ ናት፤ እሷም ጥቁር።

ሾጂ ሰላምታ ሰጠና እናትሽ አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊያ «አለች» ብላው፣ ማዳመጫዋን ነቅላ ለእናቷ ስትነግራት ሙሉነሽ ሮጣ ነጠላዋን አነሳች። ከዚያ ሰውየው የተጠየቀውን በተጠየቀበት ተራ መመለስ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ሊያ እንድትከተለው ቃል ከቃል እየለየ። እናቱ አልታመሙም ነበር፤ በረዶ እንዳይጠርጉ ቢከለከሉም እንቢ ብለው ወጥተው ከመንገድ በማይታየው የጓሮ ደጃፍ ላይ ወደቁ። አጠገባቸው ማንም አልነበረም። እሱ የሚነዳው አውቶቡስ በቤታቸው በር ነው የሚያልፈው፤ ሁልጊዜ ሲያልፍ አንዴ ክላክስ ያደርጋል፣ እሳቸውም በመስኮት ብቅ ይላሉ። ያን ቀንም አደረገ። ብቅ አላሉም። ሰዓቱን ለማክበር ቸኩሎ አለፈ። ክላክስ ሲያደርግ እሳቸው ወድቀው ነበር ወይስ ገና አልወደቁም፣ አሁንም አያውቅም። ይህን ለማንም አልነገረም፤ የጠየቀው ሰው አልነበረማ።

ሊያ እየተንተባተበች ለእናቷ ተረጎመችላት። ሙሉነሽ እስኪያልቅ ዝም ብላ ሰማች። «ሰምተውታል በዪው» አለች።

«እንዴት አውቄ?»

«በዪው ብቻ። የልጇን ክላክስ የማትሰማ እናት የለችም።»

ሊያ በዓመት ልምምዷ ሽሽ፣ ምታ፣ መድኃኒት ስጠኝ ማለትን በደንብ ታውቃለች፤ ይህን እንዴት እንደሚሉት ግን አታውቅም። ባላት ቃል አለችው። እናትህ ሰምታለች፤ እናቴ ናት ያለችው።

ሾጂ ሊያ የተናገረችውን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ደገመው፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ እንደገና ደገመው። ሚኪ ስታለቅስ ሰሙ።

ከዚያ ወዲያ ሳይጫወቱ የሚያወሩበት ቀን መጣ። የሾጂ እናት ዱባ ይተክሉ እንደነበር፣ ሚኪ ስለምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች፣ ሊያ ስለፈረሱት የፒያሳ ሕንጻዎች። ሊያ በአንድ ሳምንት የሰማችው ጃፓንኛ በዓመት ከሰማችው በለጠባት፤ ስለ ፈተናው ስታስብም የሚያስጨንቃት ቃል ማጣት ሳይሆን የትኛውን ቃል እንደምትመርጥ ሆነ። የበረዶው ተራራ ግን አልተቻላቸውም። ያለ ሃያቶ ወጥተው አውሬው ሁለት ጊዜ በተናቸው፤ ሦስተኛ አልሞከሩም። ትንንሽ አውሬ ወዳለበት ቆላ ወረዱ።

ሃያቶማ በቅን ቃል ስንብት ጽፎ ሌላ ቡድን ገብቷል። ሾጂና ሚኪ ከሊያ ጋር ቀሩ።