እሳት በንጉሡ ሠ

የማተሚያ ቤቱ አራሚ ስሟ ከተረሳ ቆይቷል፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «እትዬ ቀይ እስክሪብቶ» ነው የሚሏት። የወንድሟን የዘንዶ ታሪክ ስድስቱንም ቅጽ ያረመችው እሷ ናት። ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ሳይጀምረው አረፈ። አሁን አንድ የጂኦግራፊ መምህር ጽፎ ጨርሶታል። ሽፋኑ ላይ «ቅጽ ሰባት» ይባል ወይስ «በሌላ እጅ የተጨመረ»? ወራሿ እሷ ናትና ቃሉ የእሷ ነው።

መምህሩ ፊቷ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«ስማ ልጄ፣» አለችው መነጽሯን እየወለወለች፤ «ሚዜነትህን አልጠላሁም። ግን ሚዜ ሙሽራ አይሆንም።»

«ሙሽራው ከቀረስ፣ እትዬ? ድግሱ ይበተን?»

«አፍማ አለህ!»

ረቂቁን ገልጣ ስህተት ለቀማ ገባች። አንዲት ብታገኝ «በሌላ እጅ» ብላ ልትገላገል ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊቷ በራ።

«ያዝኩህ! እሳትን በንጉሡ ሠ? ፊደሉ ራሱ ‹እሳቱ ሰ› እየተባለ? አንደኛ ክፍል የወደቀ እንኳ ይህን አይስትም!»

የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ።

አንድ የሚስተው ሰው ነበር። ወንድሟ ዕድሜ ልኩን «እሣት» እያለ ጻፈ፤ እሷም ከመታተሙ በፊት አንድም ሳታስቀር አረመችው። አንባቢ አይቶት አያውቅም።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

መምህሩ ከደረት ኪሱ እጥፋቱ ያለቀ ደብዳቤ አወጣ። «ተማሪ ሳለሁ ሰባተኛው መቼ ይወጣል ብዬ ጽፌላቸው ነበር። መልሱ ይኸው። ሰባተኛውን ስጠብቅ ነው ጸጉሬ ያለቀው።»

የወንድሟ ጅራታም እጅ ጽሑፍ ነው።

«ውድ አንባቢዬ፣ በእኔ አገር እሣት ንጉሥ ነውና በንጉሡ ሠ ይጻፋል። ምን ያደርጋል፣ እኅቴ በቀይዋ ስታጠፋብኝ ኖረች። ግን አልቀየማትም። እኔ መጀመር ብቻ ነው የማውቀው፤ ስድስቱንም የጨረሰችው እሷ ናት። ሰባተኛውንም የሚጨርስልኝ ሰው አይጠፋም።»

ያ ደረቅ ወንድም በቁሙ አንድ ቀን «ተባረኪ» ሳይላት ኖሮ፣ ምስጋናዋን በማያውቀው ልጅ እጅ በፖስታ ልኮላት ኖሯል! ለካ ስድስቱም በሌላ እጅ ያለቁ ናቸው።

«ቀጣፊ፣» አለች ለሟች ወንድሟ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። ከዚያ ሽፋኑን ስባ በቀዩ እስክሪብቶ «ቅጽ ሰባት» ብላ ጻፈችበት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ!»

«ለአንተ ይስጥልኝ እንጂ። ደብዳቤዬን አድርሰህልኛል።»

«እሣቱስ ይታረም?»

ክዳኑን ገጠመች።

«ተወው፣ ይንደድ።»