በብብት የሞቁ መርፌዎች

ቀልዱን የቀለድሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የለበትም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ባለቤቴ ጥሩሸዋ የጡት ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኬሞ መድኃኒት የወሰደች ጊዜ፣ በሳምንቱ ትኩሳት ጥሏት ለጥቂት ነው የተረፈችው። የምታክማት ዶክተር ጽናት የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ናት። ሁለተኛውን ዙር ከመስጠቷ በፊት አስቀምጣ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲገድል፣ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴልም አብሮ ይጨርሰዋል፤ ያን ጊዜ ተራ ጉንፋን እንኳ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከኬሞው በኋላ አንድ ቀን አሳልፎ፣ በቀን አንድ፣ ለአምስት ቀን የሚወጋ መርፌ አለ። ሴሉን ቶሎ ይመልሰዋል።

"ይህ መርፌ ካንሰሩን አይነካም፤ እሷን ነው የሚጠብቃት" አለችኝ። "ያለ እሱ ሁለተኛ ጊዜ አደጋ ውስጥ እንድትገባ አልፈልግም።"

እኔም አልፈልግም ነበር። አራት ልጆች አሉን፤ ግን ስለ ልጆቹ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ለራሴ ነው የፈራሁት። ያለ ጥሩሸዋ እንዴት እንደሚኖር አላውቅም።

እሷ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር እንደወሰደች ቤቴ ውሰደኝ አለች። ያረፍነው የአጎቷ ልጅ በተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ ሰው ተደራርቦ ያድራል፣ ሁሉም ያስላል። ዶክተሯ ይህን ስትሰማ መሄዳችንን ወደደችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ መርፌ የሚወጋ ሰው አለ? አለ፤ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳሌም ጎረቤታችን ናት። የቀረውን መድኃኒት ቤት ይነግሩዎታል አለችኝ ዶክተሯ።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው አምስቱን መርፌ ከፍሪጅ አውጥቶ ከበረዶ ጋር ጠቀለለልኝ። "ሙቀት ከነካው ይበላሻል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚቀመጥ። ፍሪጅ አላችሁ?"

"የየት አገር ሰው መሰልሁህ? መንዝ ነኝ። አገሩ እንዳለ ፍሪጅ ነው!" አልሁት።

ሳቀ። ወረፋ የያዙት ሰዎችም ሳቁ። ጥሩሸዋ እንኳ፣ ፀጉሯ አልቆ ሻሽ የጠመጠመችው፣ ሳቀች። ሰውየው ሌላ የሚነግረኝ ነገር ነበረው መሰለኝ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ወረቀቷን ዘረጋችለትና ወደሷ ዞረ። እኔም ደስ እያለኝ ወጣሁ። ሕመሙ ከጀመረ ወዲህ ከከተማ ሰው የተሻለ ነገር አለኝ ያልሁት ያን ቀን ብቻ ነበር።

የ2003 ኅዳር መጨረሻ ነው። አውቶቡሱ ከወረዳችን ከተማ ከሞላሌ ሲያደርሰን ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ እሷን በበቅሎ አድርገን ቤት ገባን። የጤና ኬላው ፍሪጅ ከተበላሸ ከርሟል፤ ሳሌም ይህን ስትነግረኝ እያፈረች ነበር። እኔ ምን ገዶኝ! መርፌዎቹን ከነሣጥናቸው በጣሳ ከትቼ፣ ጣሳውን ፀሐይ በማያገኘው በጓሮ በኩል ከጣሪያው ጠርዝ አንጠለጠልሁት።

ጠዋት ስነሣ ገንዳው ውስጥ ያለው የከብት ውሃ መስተዋት ሆኗል፤ ሣሩ ነጭ ነው። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ባለፈው ዓመት በዚያው ውርጭ ማሳ ሙሉ ገብስ ፍሬ ሊይዝ ሲል ተቃጥሎብኝ ቆሜ ያለቀስሁ ሰው፣ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረኝ የማይገባ ሰው፣ ያን ጠዋት ውርጩን አመሰገንሁት።

ከጣሳው ያወጣሁት መርፌ ውስጡ በረዶ ሆኖ ድርቅ ብሏል። አልደነገጥሁም። ሰውነቷ እንዲህ አልቆ ይህን በረዶ እንዴት አስወጋታለሁ ብዬ ብቻ አሰብሁ። ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ሳሌም እስክትመጣ ደጅ ተቀመጥሁ። ስትደርስ ቀልጦ ጥርት ያለ ውሃ ሆኗል። ሳሌም አገላብጣ አየችው፤ ምንም አላገኘችበትም። ጥሩሸዋን ሆዷ ላይ ወጋቻትና ሣጥኑ ላይ ፈረመች።

"አላመመሽም?" አልኋት ጥሩሸዋን።

"ለብ ያለ ነው። እዚያ ሆስፒታል ሲወጉኝ ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ነበር የሚሰማኝ። ምን አድርገህ ነው?"

"ብብቴ ውስጥ አሙቄው።"

"እብድ!" አለችኝ፤ እጄን ግን ያዘችኝ።

አምስቱንም እንዲያ አደረግሁ። አንድ ጠዋት አላጓደልሁም።

ከኬሞው በስምንተኛው ቀን አፏ ቆስሎ ውሃ መዋጥ አቃታት። በዘጠነኛው ሰውነቷ ነደደ። በቃሬዛ ሞላሌ፣ ከሞላሌ በመኪና ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ስንደርስ ዐይኗን መግለጥ እንኳ ያታክታት ነበር። ደሟን መረመሩ። ዶክተር ጽናት ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

"ጋሼ ዳኜ፣ መርፌውን ወስዳለች?"

"አምስቱንም።" የሳሌም አምስት ፊርማ ያለበትን ሣጥን አጣጥፌ ይዤው ነበር የመጣሁት። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ የሚመሰገን ተማሪ ነበር የመሰልሁት።

"ነጭ የደም ሴሏ የለም ማለት ይቻላል" አለች ለራሷ እንደምትናገር። ቀጥላም "የት ነበር ያስቀመጡት?" አለችኝ።

ነገርኋት። ጣሳውን፣ ጣሪያውን፣ ድርቅ ማለቱን፣ ብብቴን፤ ሁሉንም። እየነገርኋት ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ፊቷን እንደ ነበረ ልመልሰው ብዬ ይመስለኛል፣ "አገሩ እንዳለ ፍሪጅ ነው" አልኋት። አልሳቀችም።

ሣጥኑ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ሥዕል በጣቷ ነካችው። ኮከብ የመሰለ ነገር ነው፣ መስመር የተጋደመበት። አምስት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ የፋብሪካው ምልክት ነበር የመሰለኝ።

"ይህ በረዶ ነው። በረዶ እንዳይሆን ማለት ነው። አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም ላይሠራ ይችላል።" ቀጥላም ጨመረች። "ምክንያቱ እሱ ላይሆንም ይችላል፤ መርፌው ደኅና ሆኖም አንዳንዴ እንዲህ ያጋጥማል። ደግሞ እኔ ራሴ ልነግርዎ ይገባ ነበር።"

ዐይኗ ዕንባ ሞልቷል። ደግ ልጅ ናት። "ላይሠራ ይችላል" ያለችው ለኔ አዝና ነው። እኔ ግን ውርጭ የመታው ገብስ ፀሐይ ስለወጣ እንደማይነሣ አውቃለሁ።

ጥሩሸዋ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ነው የቆየችው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ትኩሳቱ በረድ ሲልላት፣ አጠገቧ ከተኛችው ጌታነሽ ከምትባል የመርሐቤቴ ሴት ጋር ስታወራ ደረስሁ። በሩ ላይ ቆምሁ። አፏ ቆስሎ ድምፅዋ ለመስማት ያስቸግራል።

"ያ መርፌ ባይኖር ይሄን ጊዜ አፈር ነበርሁ" ትላለች። "እሱ ነው እዚህ ያደረሰኝ። ባሌ በየማለዳው ውርጭ ላይ ተቀምጦ፣ በብብቱ አሙቆ ነው ያስወጋኝ። እንዳያመኝ ብሎ! እንዲህ ያደረገ ባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ጌታነሽ ቀና ብላ አየችኝ። "እውነት ነው፣ ወንድሜ?"

ጥሩሸዋም ራሷን በጭንቅ ወደኔ አዞረች። ኮርታብኝ ነበር።

"እውነት ነው" አልሁ።