በር የጠበበው ሥዕል

ባስልኤል በር የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼኔ ነው። የልጅነት ጓደኛው ፍሬአብ አይሱዙውን ደጅ አቁሞ ክላክስ ሲያደርግ፣ እሱ ሸራውን በቁሙም በጎኑም በሩ ላይ ሞከረው። አልወጣም።

«ስትሠራው አልለካኸውም?» አለ ፍሬአብ ወርዶ ሲያይ።

«ግድግዳ ለክቼ አውቃለሁ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ባስልኤል የግራፊቲ ሰው ነበር፤ ሚዛን ተፈሪ ላይ ከአጥር እስከ መጋዘን በስፕሬይ ያልነካው የለም። ግድግዳ ደግሞ በበር ውጣ አይባልም። ወደ ሸራ ሲዞርም አመሉ አልለቀቀውም፤ የቡና ጆንያ ሰፍቶ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ክፍሉ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ ገተረው። ነቅሎ እንዳይጠቀልለው ቀለሙን በላይ በላዩ ደራርቦታልና ይሰነጠቃል። አጠገብ ባለችው አማን ከተማ ሥዕሉ የሚታይበት ዐውደ ርዕይ የሚከፈተው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው። ከተማው እስካሁን «ግድግዳ አበላሺው» እንጂ ሠዓሊ ብሎት አያውቅም። ዛሬ ስሙን ሊያስለውጥ ነበር፤ ሆድ ባሰው።

ፍሬአብ የጭቃውን ግድግዳ በእጁ መታ መታ አደረገው። ባስልኤል ገባው፤ ፈራም።

ቤቱ የእትዬ የዓለምዘርፍ ነው። ድሮ የሱቃቸውን ግድግዳ ባስጌጠላቸው ቁጥር (ማስጌጥ የሚለው እሱ ብቻ ነው) እሳቸው ኖራ በጥብጠው ያጠፋሉ፤ እሱ ተመልሶ ይሥላል፤ እሳቸው ተመልሰው ያጠፋሉ። ቤቱን ሲያከራዩት እንኳ ግድግዳዬን እንዳትነካ ብለው አስምለውታል። አሁን ሄዶ ላፍርሰው ሊላቸው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

መሄድ ግን አላስፈለገውም። ክላክሱ ራሳቸውን አመጣቸው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ብለው ገቡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

ሥዕሉ ላይ ዝናብ ያረጠበው መንገድና የሳቸው ሱቅ አለ። ግድግዳው ላይ ግማሽ አካሏን ኖራ የበላት ቀይ ወፍ አለች። ከፊቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ፣ ባልዲ የያዙ ሴት ቆመዋል፤ ብሩሻቸው ከወፏ ዓይን አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሏል።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ዓይኗን እንደምተውላት አይተህ ነበር?»

«ሁልጊዜ። እኔም ስመለስ ከዓይኗ ነበር የምጀምረው።»

«እያየችኝ እንዴት ላጥፋት» አሉ እትዬ የዓለምዘርፍ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። ከዚያ ሥዕሉን አዩ፣ በሩን አዩ፤ ነገሩ ሳይነገራቸው ገባቸውና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ዶማው ጓሮ ነው» አሉ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ያለ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ማገሩ ተቆረጠ፣ ጭቃው ተናደ፣ ሥዕሉም በሰው ትከሻ፣ በእልልታ ወጣ። ሊያይ የመጣውን ሁሉ እትዬ የዓለምዘርፍ «ማን ሂድ አለህ?» እያሉ ለምርጊት አስቀሩት። አይሱዙው ወደ አማን ሲነሳ ከኋላ ጭድ እየተበተነ፣ ጭቃው በእግር እየተረገጠ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ከሥዕሉ ፊት አልነቃነቅ አለ። ባስልኤል ደስታው አላስቆም ብሎት በበሩና በሥዕሉ መካከል ሲመላለስ ዋለ።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ ግድግዳው እንደ ነበረ ቆሟል፤ ምርጊቱ ገና እርጥብ ነው። ጎረቤቶቹ እግራቸውን ይታጠባሉ። እትዬ የዓለምዘርፍም እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው አጠገቡ ቆመዋል።

«መሐላዬን አልረሳሁም» አላቸው ባስልኤል።

«እኔ ረስቼዋለሁ» አሉት። «ሠዓሊው፣ ሲደርቅ ከዓይኗ ጀምር።»