ልጅ ያልሞተበት ሆስፒታል

የፋጤ ሱቅ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሰርካለም መንገዱ መሐል ቁጢጥ አለች። ትንሽ በተራመደች ቁጥር እንዲህ ጉልበቷን አቅፋ ካልተቀመጠች ትንፋሿ አይመለስላትም። ከንፈሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንጆሪ የበላች ይመስል የጠቆረ ነው። እናቷ ውባለም አጠገቧ ቆማ ጠበቀች፤ እውነቱን ለመናገር መዘግየቱን አልጠላችውም። ፋጤን ልትጠይቃት የመጣችው ነገር ሰው የሚጠየቀው አልነበረም።

ጧት ሲስተር ምሥራቅ ደውላ ነበር፤ መሐል አገር ያለው የነባሩ የልብ ሆስፒታል ነርስ ናት። «የሰርካለም የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ደርሷል። እስከ ማታ ቁርጣችሁን ካልነገራችሁኝ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» አለች። ውባለም ይህን ስልክ ስትሳልለት የኖረች ሴት፣ ሲደወልላት ግን «ባሌን ላማክር» አለች። የፋጤ ልጅ ጁነይዲ ባለፈው ክረምት የሞተው እዚያው ሆስፒታል ነው።

ባሏ አበባው ገብስ ከሚያበራይበት አውድማ ላይ ሆኖ ቁርጡን ተናግሯል። «ሬሳ ወደሚወጣበት ቤት ልጄን አልሰድም። በቅርቡ የተከፈተው አዲሱ ሆስፒታል አንድም ልጅ አልሞተበትም ይባላል። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ እዚያ እንወስዳታለን» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። ልበ ደንዳና ሆኖ አይደለም። ልጁ ስታቃስት መስማት ስለማይችል ደጅ ወጥቶ አጥር የሚነካካ ምስኪን ነው። ውባለምን ግን ለከርሞ የሚለው ቃል አልዋጥልሽ አላት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጇን አስከትላ ፋጤ ወደምትነግድበት ወደ ወገዳ ከተማ ወረደች።

ሁለቱ ሴቶች የተዋወቁት ደብረ ታቦር፣ የልብ ሐኪሙ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ነው። አንዷ የአንዷን ልጅ እያቀፈች፣ ስንቅ ተካፍለው ውለዋል። ጁነይዲ ከሞተ ወዲህ ግን ሲገናኙ ስለ ጨርቅ ዋጋ ብቻ ነው የሚያወሩት።

ፋጤ ለአንዲት ገበያተኛ አቡጀዴ ለክታ ሸኘችና ሰርካለምን ሳመቻት። ቴምር አስጨብጣ ደጁ ላይ ካለው ወንበር አስቀመጠቻት።

«ፋጤ፣ አፈር ስሆን አትቀየሚኝ» አለች ውባለም። «ተራዋ ደርሷል፤ ጁነይዲን ያከመው ቤት ነው። አበባው አዲሱ ይሻላል፣ እዚያ ልጅ አይሞትም ይላል። አንቺን ከምጠይቅሽ አፌ ቢዘጋ በወደድኩ። ግን ማንን ልጠይቅ?»

ፋጤ ጨርቁን አጠፈች፤ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። ውባለም መምጣቷን ረገመች።

«እኔም መጀመሪያ የወሰድኩት አዲሱ ሆስፒታል ነው» አለች ፋጤ በመጨረሻ። ይህን ወገዳ ውስጥ የሰማ አልነበረም። «ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ልቡን በመሣሪያ አዩና፣ እኛ የምንሠራው ቀለል ያለውን ነው፣ ይሄ ከባድ ስለሆነ ነባሩ ሆስፒታል ውሰጂው አሉኝ። ልጄ እዚያ አልሞተም፤ አልተቀበሉትማ።»

«ነባሮቹስ?»

«እነሱ ተቀበሉት። ሐኪሙ አስቀምጦኝ፣ እንደሱ ያሉት ብዙዎቹ ይድናሉ፣ ሁሉም ግን አይድኑም፤ ብንተወው ደግሞ አያድግም አለኝ። ፈረምኩ። ከጎኑ የተኙት ድነው ወጡ። የኔው ቀረ።»

ውባለም ልጇን ይዛ የከረመችበት ጠበል ትዝ አላት። አገር ተስፋ የቆረጠበት ሰው በቃሬዛ የሚወሰደው እዚያ ነው፤ በቅጥሩ ዙሪያ መቃብሩም ብዙ ነው። አንድም ቀን ጠበሉን ገዳይ ሲሉት አልሰማችም።

«የሰርካለም ልብ ከየትኛው እንደሆነ ጠይቂ» አለች ፋጤ። «ቀላሉ ከሆነ አበባው እንዳለው ጠብቁ። ከባዱ ከሆነ ግን እሷንም ይመልሷታል።»

ውባለም እዚያው ቆማ ደወለች። ሲስተር ምሥራቅ አልሸነገለቻትም፤ ከባዱ ነው፣ አዲሱ ሆስፒታልም እንዲህ ያለውን ወደ እነሱ ነው የሚልከው አለቻት።

«እንዲህ ያሉት ልጆች ይድናሉ?»

«ብዙዎቹ ይድናሉ፣ ውባለም።»

ሁሉም የሚለውን ቃል ለመስማት ምን ባልሰጠች ነበር። ለአባቷ ነግሬ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። ግን አበባው መቼ ይሰማታል? ሴት ወሬ ለቅማ መጣች ነው የሚላት። ፋጤ ፊቷን አይታ የሱቁን በር ዘጋች፤ ያውም በገበያ ቀን።

ዳገቱ ላይ ሰርካለምን ፋጤ አዘለቻት። ልጅቱ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አበባው ፋጤ ልጁን አዝላ ስትመጣ ከሩቅ አየና በሬዎቹን አቆመ። ጧት የተናገረው ትዝ ብሎት አፈረ። ፋጤ ነባሩን ሆስፒታል አላወደሰችለትም፣ አዲሱንም አልነቀፈችበትም። በሁለቱ በር ላይ ያገኘችውን እንዳለ ነገረችው።

«ልጄ እዚያ ሞቷል፤ አልደብቅህም» አለችው። «የሞከሩለት ግን እነሱ ናቸው።»

አበባው መንሹን ተደገፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሚስቱ እንኳ ተናግሮት የማያውቀውን አወጣው።

«የኔዋስ ብትቀር?»

ፋጤ አትቀርም ልትለው አልቻለችም። የሰርካለም ልብ ጀርባዋ ላይ ሲቻኮል ይሰማታል።

«ብትቀር ብቻህን አታለቅስም» አለች። «ነገ አብሬያችሁ እሳፈራለሁ።»

ውባለም ለሲስተር ምሥራቅ ልትደውል ስልኳን አወጣች። አበባው አየት አደረጋት፤ አትደውዪ አላላትም። እጁን በሱሪው ጠራረገና ልጁን ሊቀበል ዘረጋ። ፋጤ ግን ልጅ ካዘለች ቆይታ ነበርና ቶሎ አልሰጠችውም።