በሶ የጎረሰው ጠመንጃ

ገብረጻድቃንን ቂርቆስ ውስጥ በስሙ የሚጠሩት ሚስቱና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ቀጭ» ነው የሚለው። በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ ክብር የጨመሩለት መስሏቸው «ጋሽ ቀጭ» ይሉታል።

ስሙ የወጣለት በእህቱ ሠርግ ቀን ነው። ሙሽራዋን ተኩሶ ሊሸኛት የአያቱን ጠመንጃ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ። ቃታውን ሳበ። «ቀጭ።» ደግሞ ሳበ። «ቀጭ።» በሦስተኛው ሠርገኛው ሁሉ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ሲጠባበቅ፣ ጠመንጃው በዚያ ጸጥታ መሀል ቀስ ብሎ «ቀጭ» አለና አረፈ። ያኔ ደቻሳ፣ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ፣ ሲወለድም አፉ ቀድሞ የወጣ ሰው፣ ደረቱን ይዞ መሬት ላይ ተዘረረና «ሞትኩ! በቀጭ መታኝ!» ብሎ ጮኸ። ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዋ ራሷ፣ የገዛ እህቱ፣ ቬሏን አፏ ውስጥ ወትፋ ሳቀች። እሷም እንግዲህ ከዚያ ሳቅ በኋላ አራት ወልዳለች፤ አራቱም «አጎቴ ቀጭ» ነው የሚሉት።

ሰው ውለታ ይረሳል፤ ቅጽል ስም ግን አይረሳም። የእድሩ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው ገብረጻድቃን ነው። ዳኛ ሲመረጥ ግን «ቀጭን እንምረጠው?» ይባልና ተስቆ ይታለፋል። አሁን ዳኛው ማን ሆነ? ደቻሳ! ገብረጻድቃን ላንቻ ባለው ቶርኖ ቤቱ ሙያ ያስያዛቸው ልጆች እንኳ የየራሳቸውን ቤት ከፍተው፣ በመኪና ሲያልፉ ጥሩንባቸውን አጠር አጠር አድርገው ይነፉበታል። ቀጭ፣ ቀጭ ማለታቸው ነው። እሱም ያውቃል። ቀና ብሎ አያያቸውም።

በ2001 ታኅሣሥ፣ ከተማው ሁሉ ፊልም ሠሪ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ፀጉሩን ያንጨባረረ አንድ ወጣት ደጁን አንኳኳ። ኤርሚ ይባላል፤ ዳይሬክተር ነው።

«ጋሽ ቀጭ እርስዎ ነዎት?»

«ገብረጻድቃን እባላለሁ።»

«ሶሪ ፋዘር! ማለቴ፣ እንደዛ ብለው ስለጠቆሙኝ ነው። ፊልም እየሠራን ነው፣ የአርበኛ ታሪክ። የድሮ ጠመንጃ አለዎት ሲሉኝ፣ በቃ፣ በሩጫ መጣሁ።»

ገብረጻድቃን ከአልጋው ሥር በነጠላ የተጠቀለለውን አወጣ። ፈቃድ ያለው፣ በስሙ የዞረ ጠመንጃ ነው። አያቱ ድሬዳዋ ላይ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ በበቅሎ የለወጡት ነው ይባላል። ከቃታው ሥር እንደ ቀለበት ሞላላ የሆነ እጀታ አለው፤ ወደ ታች ሲገፉት የተተኮሰውን ቀለህ ይተፋል፣ ወደ ላይ ሲመልሱት አዲሱን ይጎርሳል።

«ኧረ በማርያም! ይሄማ የካውቦይ ነው!»

«የአያቴ ነው። አያቴ ካውቦይ አልነበሩም።»

«ጣሊያንን የወጉት በዚህ ነው?»

«ጣሊያንንም፣ ጅብንም።»

ኤርሚ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። «አለቀ! እርስዎ ራስዎ ይይዙታል። የአርበኛው ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ ደግነው ይቆማሉ። መተኮስ እንኳ የለብዎትም፣ ድምፁን በኮምፒውተር እንጨምራለን።»

ገብረጻድቃን ነገሩ ገባው። ሰምቷል ማለት ነው ይሄ ልጅ። ነግረውታል።

«ይሄ ጠመንጃ በኮምፒውተር አይጮህም» አለ። «ከሄደ ይተኮሳል። ካልተኮሰ አይሄድም።»

«አይ፣ እንደው... ምናልባት እንቢ ካለ ብዬ ነው። ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥም አለን፣ እነሱም ፕላስቲክ ናቸው፣ ችግር የለውም።»

«ለቀስተኛውስ? እሱም ፕላስቲክ ነው?»

«እሱስ እውነተኛ ነው፣ ከሰፈሩ እድር ነው። ዳኛው ናቸው ያስተባበሩልን፣ ጋሽ ደቻሳ። እሳቸውም ባላባት ሆነው ይጫወታሉ።»

በቃ። ገብረጻድቃን ከዚህ በኋላ የልጁን ወሬ አልሰማም። ደቻሳ ባለበት፣ ካሜራ በተደገነበት፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ይህ ጠመንጃ ይጮሃል። ካልጮኸ ግን «ቀጭ» ፊልም ላይ ተቀርጾ በየሲኒማ ቤቱ ሊታይ ነው። መቃብሩ ላይም ይጽፉለታል።

ለዚያ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ገበያ ላይ ከጠፋ ዘመን አልፏል። አባቱ የለገሃር ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ጥይታቸውን የሚያሰናዱት በእጃቸው ነው። ቀለህ እንደ ጠርሙስ ነው፣ አጥበህ መልሰህ ትሞላዋለህ ይሉ ነበር። እሱም ከአባቱ ሣጥን ቀለሆቹን አውጥቶ በሎሚና በአመድ ፈተጋቸው፤ እንደ ጥርስ ነጡ። ከቀለሁ ቂጥ የምትገባውን፣ ምስር የምታክለውን፣ ባሩዱን የምትለኩሰውን ካፕሱል ግን ደጋግሞ መረመራት። ጥፋቱ ሁሉ የእሷ ነበር። በእህቱ ሠርግ ጊዜ ካፕሱሎቹን እንስራው አጠገብ አስቀምጦ እርጥበት ገድሏቸዋል። ከቀሩት ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ ያልነካቸው ሦስት ብቻ ተገኙ። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፀሐይ አሞቃቸው፤ ጎረቤት «ምን አሰጣህ?» ሲለው «ምስር» አለ።

ካፕሱሉን ተከለ፣ ባሩዱን ሞላ። ፊልም ስለሆነ እርሳስ አይገባም። እርሳስ ከሌለ ግን የቀለሁ ግማሽ ባዶ ይቀራል፤ ባሩዱም ውስጡ እየተንከላወሰ እሳቱ ይሰንፋል። ለዚህም አባቱ መላ ነበራቸው። በሶ! የተቆላ የገብስ ዱቄት ከባሩዱ ላይ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ሲሞላ ባሩዱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። «ጠመንጃም እንደ ሰው ነው፣ በሶ ሲጎርስ ድምፁ ይወጣል» ይሉ ነበር አባቱ።

ሚስቱ አጸደ ማኅበር ሄዳለች። መደርደሪያው ላይ የበሶ ጣሳ አለ። ከፈተና ጨለፈ። አሽትቶ ቢሆን ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን የቶርኖ ቤት የብረት ብናኝ አፍንጫውን ከደፈነው ቆይቷል። ባሩድ በነካ እጅ ደግሞ አይቀመስም። ሦስቱንም አጎረሳቸው፣ በወረቀት ከደናቸው፣ የጧፍ ሰም አንጠባጥቦ አተማቸው። ከዚያ እንደ ሦስት ሙሽሮች መስኮቱ ላይ ደርድሯቸው፣ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ዘፍኖ የማያውቀው ሰው «ሙሽራዬ» እያለ እስክስታ ወረደ። አጸደ ከማኅበር ስትመለስ በር ላይ ቆማ አየችው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ሎተሪ ወጣልህ?»

«ገና ነው፣ ነገ ነው የሚወጣው» አላት።

ቀረጻው ካዛንቺስ ነበር፣ ሊፈርስ ምልክት የተደረገበት ባለ ሰገነት አሮጌ የእንጨት ቤት ግቢ ውስጥ። ተኩሱን የሚቆጣጠር ከተማ የሚባል ኢንስፔክተር ተመድቧል። አርበኛውን የሚጫወተው ቡልቻ ሞቶ ሸማ ለብሶ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ሐሴት፣ ሚስቱን ሆና የምትጫወተው፣ አጠገቡ ደረቷን ትደቃለች። የእድሩ ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ደቻሳ የተከራየ ካባ ደርቦ፣ ሆዱን አስቀድሞ መሀል ላይ።

ችግሩ ማንም አለማልቀሱ ነው። ኤርሚ «አክሽን!» ይላል፣ ሴቶቹ ሙሾ ይጀምራሉ፣ ደቻሳ ከካባው ውስጥ ቀስ ብሎ «ቀጭ» ይላል፤ ሴቶቹ በሳቅ ይበተናሉ። እንደገና «አክሽን!»፣ እንደገና «ቀጭ»፣ እንደገና ሳቅ። የሞተው ቡልቻ እንኳ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ሸማው ይርገበገባል።

«ኤርሚ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች ሐሴት። «ወይ ሽንኩርት አምጡልኝ ወይ ሰውየውን ዝም አሰኙልኝ!»

«እሺ፣ እሺ! በቃ ዝም ብለን በተኩሱ እንጀምር። ፋዘር፣ ዝግጁ ነዎት?»

«ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ዝግጁ ነው!» አለ ደቻሳ። «እናንተ ሴቶች፣ ጆሯችሁን አትድፈኑ፤ ካልደፈናችሁ ነው የምትሰሙት!»

ገብረጻድቃን ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ ከሰገነቱ ደረጃ ላይ ቆሞ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀና። እጀታውን ገፋ፣ መለሰ። ቃታውን ሳበ።

«ቀጭ።»

 ከዚያ ደቻሳ ደረቱን ይዞ፣ ልክ እንደ ሠርጉ ቀን፣ ከነካባው መሬት ላይ ተዘረረ። «ሞትኩ! ዛሬም በቀጭ!» ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ኢንስፔክተር ከተማ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ቡልቻ «ይቅርታ» ብሎ ከሞት ተነሥቶ ስቆ ተመልሶ ሞተ።

ገብረጻድቃን ጠመንጃውን ጥሎ በአጥሩ ሊወጣ አሰበ። እጁ ግን አባቱ ያስለመዱት እጅ ነውና ባለቤቱን አልጠየቀም፤ እጀታውን ወደ ታች ገፋው። የከሸፈው ዘሎ ወጥቶ ተንደባለለና ደቻሳ እግር ሥር ቆመ። ወደ ላይ መለሰው። ቃታውን ሳበ።

ድው!

የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ርግቦች ከግቢው ዋርካ ላይ እንደ ጤፍ ተበተኑ። ኢንስፔክተሩ ልምድ ይዞት መሬት ላይ ተኛ። ከአፈሙዙ የወጣው ጭስ ነጭ ሆኖ ሰማይ ላይ ተከመረ፣ ከጭሱም መሀል ቡናማ ብናኝ እንደ ጉም ተዘረጋ። የታኅሣሥ ነፋስ አንሥቶ ለቀስተኛው ላይ ቀስ አድርጎ አወረደው።

«አሃ!» አለ ገብረጻድቃን። ደስታው ከእግሩ ጥፍር ተነሥቶ በአናቱ ሊወጣ ሆነ። ሰው ምን እንደነካው ሳያይ ገፋ፣ መለሰ፣ ሳበ። ድው!

መጀመሪያ ያነጠሰችው ሐሴት ናት። «እንጥሽ!» ቀጥሎ እንባዋ ግድቡ እንደ ተነሣ ውሃ ወረደ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ዐይናቸውን ሲያሹት ጭራሽ ባሰባቸው፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ይወዛወዙ ጀመር። ወንዶቹ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ይህን የመሰለ ለቅሶ ቂርቆስ ለእውነተኛ ሟች አልቅሶ አያውቅም።

«እንዳታቆሙ!» ኤርሚ ራሱ እያለቀሰ ይጮሃል። «ካሜራ አታጥፉ! ወይ ጉድ፣ እንጥሽ፣ ኦስካር ነው!»

ደቻሳ በጀርባው ተንጋሎ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ነበርና የብናኙን ትልቅ ድርሻ የበላው እሱ ነው። አሁን ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል፤ የባላባትነቱ ካባ ጭንቅላቱ ላይ ተገልብጧል።

ያኔ ሟቹ ቡልቻ፣ ብዙ ታግሦ ታግሦ፣ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ ማነጠስ አነጠሰ።

«ይማርህ!» አለ ደቻሳ፣ በልማድ፣ ከካባው ውስጥ።

ቡልቻም የጨዋ ልጅ ነው፤ ዐይኑን እንደጨፈነ «ያኑርልኝ» አለ።

እዚህ ላይ የሳቀው ምን ያህል፣ ያለቀሰው ምን ያህል እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ኤርሚ «ከት!» ለማለት አፉን ከፈተና አነጠሰ።

ነፋሱ ሲያልፍ ደቻሳ ከንፈሩን ላሰ። «ሚጥሚጣ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ሰውዬ ሚጥሚጣ ነው የተኮሰብን!»

ገብረጻድቃን ደረጃው ላይ ደርቆ ቀረ። የአጸደ ወንድም ነገ ቁልቢ እንደሚሄድ ያኔ ትዝ አለው። ለመንገዱ በሶ አሰናድታለታለች፤ ጨውና ሚጥሚጣ ቀላቅላ። የእሱ ወንድም ቢሆን ኖሮ በደረቁ ነበር የምታሰናዳለት! ሊናደድ ሞከረ፣ አቃተው። ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሳቀ፤ እንባው ያለ ሚጥሚጣ ወረደ።

ኤርሚ ዐይኑ በርበሬ መስሎ ወረቀት ይዞ መጣ። «ፋዘር፣ ይሄን ማንም አይደግመውም! ፊልሙ መጨረሻ ላይ ስምዎን እናወጣለን፤ ሙሉ ስም ማን ልበል?»

«ቀጭ ብለህ ጻፈው!» አለ ደቻሳ ከሥር። «በሌላ ስም ማን ያው...» አልጨረሰውም። «እንጥሽ!»

«ይማርህ» አለ ገብረጻድቃን ጮክ ብሎ።

አሁን ግቢው ሁሉ ደቻሳን ያያል። ይማርህ የተባለ ሰው ካልመለሰ ባለጌ ነው፤ የእድር ዳኛ ከሆነ ደግሞ ከባለጌም ይብሳል። ደቻሳ አፍንጫውን በካባው ጠረገ፣ ግራና ቀኙን አየ፣ መውጫ አጣ።

«ያኑርህ» አለ። ሰው ግን አሁንም ያየዋል። «እ... ያኑርህ፣ ገብረጻድቃን።»

«ሰማህ?» አለ ገብረጻድቃን ለኤርሚ። «እንደሱ ብለህ ጻፈው።»

ወደ ቂርቆስ ሲወርድ ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልሎ ነው። አንዱን ማነጠስ ባስታወሰ ቁጥር ቆሞ ግንብ ተደግፎ ይስቃል፤ መንገደኛው ሰክሯል ብሎ ዞሮ ያልፈዋል። ቤት ሲደርስ አጸደ ባዶ ጣሳ በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«የወንድሜን በሶ የት አደረስከው?»

«ካዛንቺስ።»

«ማን በላው?»

«ደቻሳ» አለ፣ ሳቁም ተመለሰበት። «እስከ ጥግ በላው።»

ነገሩን ሁሉ ሲነግራት ጣሳውን ደረቷ ላይ ይዛ አዳመጠች። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት፣ ድንገት ዐይኗ ፈጠጠ።

«ቆይ! ያ የተተኮሰው፣ ሁለቴ ድው ያለው፣ አንተ ነህ?»

«እዚህ ድረስ ተሰማ?»

«ተሰማ? እህትህ እዚሁ ነበረች፤ ሁለታችንም ጾሙን ረስተን የሰው ሠርግ መስሎን ግቢ ወጥተን እልል አልን!»

ገብረጻድቃን ጠመንጃውን አልጋው ሥር ሊያስገባ ጎንበስ ብሎ ነበር። እንደጎነበሰ ቀረ።

«እህቴም እልል አለች?»

«ከእኔ በላይ ነው ያለችው» አለች አጸደ። «በል ና፣ ገብስ ልቆላ ነው፤ የምትፈጨው አንተ ነህ።»